ትከሻው ከመጠገኑ በፊት ታካሚው ይማር

ትከሻ በአገራችን ኑሮ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያለው የአካል ክፍል ነው። እስክስታ የምንመታው በትከሻችን ነው፤ የናፈቅነውን ወዳጅ ስናገኝ ትከሻችንን ከትከሻው እያጋጠምን ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከባድ ኃላፊነት ስለተሰጠው ሰውም «ሸክሙ በትከሻው ላይ ወደቀ» እንላለን። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ትከሻ በውስጡ እንዴት እንደተሠራ፣ ሲጎዳ እንዴት እንደሚጠገንና ከተጠገነም በኋላ ለምን የወራት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የምናውቀው ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ፣ አንድ ሰው የትከሻ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ስለ ሕክምናው የሚሰጠው ትምህርት እንደ ማደንዘዣውና እንደ ስፌቱ ሁሉ የሕክምናው አካል ሆኖ ሊቆጠር ይገባል የሚል ነው።

እኛ የሕክምና ባለሙያ አይደለንም፤ ሥራችን ፊዚክስ ማስተማር ነው። ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያስገደደን በቤተሰባችን የደረሰ አንድ ነገር ነው። ታላቅ ወንድማችን ከደረጃ ላይ ወድቆ የቀኝ ትከሻው ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ሕክምናውም በጥሩ ሁኔታ ተከናወነለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ክንዱን በማንጠልጠያ አስረው «ስድስት ሳምንት እንዳታወልቅ» አሉት። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱን ግን የነገረው አልነበረም፤ እርሱም አልጠየቀም። አራተኛው ሳምንት ሲገባ ሕመሙ ተወው። ሕመም ከሌለ በሽታ የለም ብሎ ያሰበው ወንድማችን ማንጠልጠያውን አውልቆ ከቁም ሣጥን አናት ላይ ሻንጣ ሊያወርድ እጁን ዘረጋ። በትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማው። እንደገና ሲመረመርም የተሰፋው ጅማት ከአጥንቱ ተላቆ ተገኘ።

«ሕመሙ ስለተወኝ የዳንሁ መስሎኝ ነበር» አለን። ጅማት እንዴት እንደሚድንና የተዘረጋ ክንድ በጅማት ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚያሳርፍ በወረቀት ላይ እየሣልን ስናስረዳው ጸጥ ብሎ አዳመጠንና «አንተ ይህን ሁሉ ታውቅ ኖሯል?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ይህንኑ ትምህርት ለተማሪዎቻችን በየዓመቱ ስንሰጥ ኖረን፣ ከአልጋው አጠገብ በተቀመጥንባቸው ቀናት ግን አንድም ጊዜ አላነሣንለትም። ስለሆነም ከዚህ በታች በምንጽፈው ውስጥ ወቀሳ ቢኖር የመጀመሪያዎቹ ተወቃሾች እኛው ነን።

ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ

የዳሌ መገጣጠሚያ ክብ የሆነው የጭን አጥንት ራስ በጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥበት ነው። ትከሻ ግን እንደዚህ አይደለም። የላይኛው ክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፈው በትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ጫፍ ላይ በሚገኝ፣ ጥልቀት በሌለው ትንሽ ስፍራ ላይ ሲሆን፣ ይህ ስፍራ በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው ከኳሱ ገጽ አንድ ሦስተኛውን ያህል እንኳ አይሆንም። ሁኔታው በስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ብርቱካንን ይመስላል። ክንዳችንን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ዙሪያውን እንደልባችን ለማንቀሳቀስ የቻልነው በዚህ አሠራር ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ነፃነቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ከታላላቆቹ መገጣጠሚያዎች መካከል ከሁሉ ይበልጥ በቀላሉ የሚወልቀው ትከሻ ነው።

ብርቱካኑ ከማስቀመጫው ላይ እንዳይንከባለል ጠብቀው የሚይዙት ሱፕራስፓይናተስ፣ ኢንፍራስፓይናተስ፣ ቴሬስ ማይነርና ሰብስካፑላሪስ የሚባሉ አራት ጡንቻዎች ናቸው። የእነዚህ ጡንቻዎች ጅማቶች እንደ ሸሚዝ እጅጌ ጫፍ የአጥንቱን ራስ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ ስለሚከብቡት በጋራ ሮቴተር ከፍ ተብለው ይጠራሉ። ትከሻችንን ከውጭ የሸፈነው ትልቁ ዴልቶይድ ጡንቻ ክንድን ሲያነሣ፣ አራቱ ደግሞ ኳሱን ወደ ማረፊያው ይስቡታል። በመውደቅ ወይም በዕድሜ ብዛት በመሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከላይ ያለው የሱፕራስፓይናተስ ጅማት ነው።

የተበጠሰ ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ በፊዚዮቴራፒ ብቻ የሚሻላቸው ብዙ ናቸው። ቀዶ ሕክምና አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ሐኪሙ የተበጠሰውን ጅማት ስቦ ወደ አጥንቱ ይመልሰውና በአጥንቱ ውስጥ በሚተከሉ ትንንሽ ማያያዣዎችና በክር ያስረዋል። ዛሬ ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚከናወነው አርትሮስኮፕ በተባለ ቀጭን የመመልከቻ መሣሪያ አማካይነት በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ሐኪሙ የሚያደርገው ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር አቀራርቦ መያዝ ነው። ሁለቱን መልሶ የሚያጣብቃቸው የታካሚው የራሱ አካል ነው፤ ይህም የሚሆነው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጪ፣ በታካሚው ቤት፣ በብዙ ሳምንታት ውስጥ ነው።

የተዘረጋ ክንድ ሒሳብ

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንመለስ። የሰው አንድ ክንድ ከጠቅላላ ክብደቱ 5 በመቶ ያህል ይመዝናል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ብንወስድ ክንዱ 3.5 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ በኒውተን ሲሰላ 34 ያህል ነው። ይህ ሰው ክንዱን ወደ ጎን ቀጥ አድርጎ ቢዘረጋ የክንዱ የክብደት ማዕከል ከትከሻው መገጣጠሚያ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ክንዱን የሚይዘው ጡንቻ ግን የሚስብበት መስመር ከመገጣጠሚያው የሚርቀው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሌቨር ሕግ መሠረት ሚዛኑ እንዲጠበቅ ኃይል በርቀት ሲባዛ በሁለቱም ወገን እኩል መሆን አለበት። የክብደቱ ርቀት የጡንቻውን ርቀት 10 እጥፍ ስለሆነ፣ ጡንቻው የክንዱን ክብደት 10 እጥፍ መሳብ ይኖርበታል። ይህም 340 ኒውተን፣ ማለትም የ35 ኪሎ ግራም ሸክም ነው። ባዶ እጅ ለመዘርጋት ብቻ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል!

በዚያው እጅ ላይ 2 ኪሎ ስኳር ብንጨምርስ? እጁ ከመገጣጠሚያው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ብዜቱ 20 እጥፍ ይሆናል፤ ስኳሩ በጡንቻው ላይ የ40 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ይጨምራል። ጠቅላላው 75 ኪሎ ግራም ይደርሳል ማለት ነው። ወንድማችን የዘረጋው እጅ ላይ የነበረው ሻንጣ ከስኳሩ ይከብድ እንደነበር መናገር አያሻንም።

በእርግጥ ይህ ስሌት ሥራውን ሁሉ ለአንድ ጡንቻ ያሸከመ ቀላል ስሌት ነው። በእውነተኛው ትከሻ ውስጥ ጭነቱን ብዙ ጡንቻዎች ይከፋፈሉታል፤ መገጣጠሚያውንም አብረው ይጫኑታል። ፖፐንና ዎከር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ባዶ ክንድ ወደ ጎን 90 ዲግሪ ሲነሣ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውየውን ክብደት 90 በመቶ ያህል እንደሚሆን አስልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ጌኦርግ በርግማንና ባልደረቦቻቸው በበርሊን፣ መለኪያና የሬዲዮ ማስተላለፊያ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ የትከሻ መገጣጠሚያ በታካሚ አካል ውስጥ አስቀምጠው ኃይሉን በቀጥታ መለካት እንደቻሉ አሳትመዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ግምት መሆኑ ቀርቶ በመሣሪያ የተለካ ሆኗል።

ክርኑን አጥፎ ከጎኑ ጋር ያስጠጋና በማንጠልጠያ የተደገፈ ሰው ግን ያን የ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል፤ የቀረውንም ክብደት ጨርቁ ይሸከምለታል። ማንጠልጠያው የሚሠራው ይህንን ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል

የወንድማችን ስሕተት የብዙ ሰው ስሕተት ነው። ሕመምን የቁስል መለኪያ አድርገን እንወስደዋለን። የተሰፋ ጅማት ግን በሌላ ሰዓት ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስፍራው ይቆጣል፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት አዳዲስ ሕዋሳት ተራብተው ደካማ ጠባሳ ይሠራሉ፤ ከዚያም ጠባሳው ወራት በሚፈጅ ሂደት እየተደራጀ ይጠነክራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር የያዘው ክሩ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው በብዙ ሆስፒታሎች ማንጠልጠያው ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚታሰረው፣ ክብደት የማንሣት ልምምድም ወደ 12ኛው ሳምንት ገደማ የሚጀመረው፣ ሙሉው ማገገም ደግሞ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት የሚወስደው። እንደ ጉዳቱ ዓይነትና እንደ ሐኪሙ ውሳኔ ጊዜው ሊለያይ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይኸው ነው።

በከተሞቻችን የሕንፃ ግንባታ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ላዩ በማግሥቱ ደርቆ ይታያል፤ ሰውም ይራመድበታል። ይሁን እንጂ ፑንቴሎውን በዚያው ሳምንት የሚያነሣ ግንበኛ የለም፤ ኮንክሪቱ በውስጡ ገና እየጠነከረ እንደሆነ ያውቃልና። ማንጠልጠያው የትከሻ ፑንቴሎ ነው። የሕመሙ መጥፋት የላዩ መድረቅ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ምክንያቱን ማወቅ ለመታገሥ ብቻ ሳይሆን በትክክል ለመንቀሳቀስም ይረዳል። በትከሻ ሕክምና ታሪክ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው የቦስተኑ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ትከሻ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተሙ ሰው ናቸው። በስማቸው የሚጠራ አንድ የታወቀ እንቅስቃሴ አለ። ታካሚው ሐኪሙ ሲፈቅድለት ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ በደኅነኛው እጁ ጠረጴዛ ይደገፋል፤ የታመመውን ክንድ እንደ ፔንዱለም ያንጠለጥልና ገላውን ቀስ እያለ በማወዛወዝ ክንዱ ተከትሎ እንዲወዛወዝ ያደርጋል። ዓላማው የትከሻው ጡንቻ ሳይሠራ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። ይህ ያልተነገረው ታካሚ ክንዱን በራሱ ጡንቻ እያሽከረከረ ይለማመዳል። ከውጭ ለሚያየው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ በጅማቱ ላይ ግን ተቃራኒ ሥራ ይሠራሉ።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚሰጥ ትምህርት የተደረገ አንድ ቀደምት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሎውረንስ ኤግበርትና ባልደረቦቻቸው በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 97 ታካሚዎች በሁለት ከፍለው አጠኑ። ለአንደኛው ወገን ሕመሙ የት እንደሚሰማቸው፣ ለምን እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና እንዴት እንደሚያስታግሡት አስቀድመው ነገሯቸው። ለሌላው ወገን ይህ አልተነገረም። የተነገራቸው ታካሚዎች የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በግማሽ ያነሰ ሆነ፤ በአማካይም 2.7 ቀን ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ።

በትከሻ ላይ የተደረገ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የሮቴተር ከፍ ጥገና የሚደረግላቸውን 134 ታካሚዎች በዕጣ ከፍሎ፣ ለከፊሎቹ ስለ ጠንካራ ማስታገሻዎች አጠቃቀምና ጉዳት የ2 ደቂቃ ፊልም አሳየ፤ ጽሑፍም ሰጠ። የተማሩት ታካሚዎች በቀጣዮቹ 3 ወራት ከሌሎቹ ያነሰ ማስታገሻ ወሰዱ።

ሐቁን ለመናገር ግን ማስረጃው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎች መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ግምገማ፣ ስለ ዳሌና ጉልበት መገጣጠሚያ ቅያሬ 1463 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 18 ጥናቶች መርምሮ፣ የቅድሚያ ትምህርት ከተለመደው አገልግሎት የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ለመናገር አልቻለም። ይህን ውጤት ሳንሸሽግ የጠቀስነው በሳይንስ ፋኩልቲ መጽሔት ላይ ስለምንጽፍ ነው። የእኛ አስተያየት ግን የሚከተለው ነው። በእነዚያ ጥናቶች «የተለመደው አገልግሎት» ራሱ ብዙ ጊዜ የተወሰነ ማብራሪያን ይጨምራል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ በትንሽ ትምህርትና በተጨማሪ ትምህርት መካከል ነው። አንድ ቃል ሳይነገረው ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ታካሚ የሚነግሩን ነገር ጥቂት ነው። ከዚህም ሌላ ሰው ከሐኪም የሰማውን በቶሎ ይረሳል። ሮይ ኬሰልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ታካሚዎች ከተነገራቸው ነገር ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያውኑ እንደሚረሱት አመልክተዋል። አንድ ጊዜ በችኮላ የተነገረ ነገር አስተማሪ አይባልም። ይህንማ እኛ መምህራን ከፈተና ወረቀቶች በሚገባ እናውቀዋለን።

«ይፈራል» እና «ጊዜ የለም»

ይህን ሐሳብ ስናነሣ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡልናል። የመጀመሪያው «ስለ ሕመሙ አስቀድመን ብንነግረው ይፈራል» የሚለው ነው። ክፉ ወሬን ከታማሚ መሰወር በባህላችን የርኅራኄ ምልክት ነው፤ የመጣበትንም ምክንያት እናከብራለን። ሆኖም ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ መምጣቱ አይቀርም። ያልተነገረው ሰው ሕመሙ ሲመጣ ቀዶ ሕክምናው የተበላሸ መስሎት ይደነግጣል፤ የተነገረው ግን «ይህ የሚጠበቅ ነው» ብሎ መድኃኒቱን ይወስዳል። የኤግበርት ጥናትም የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ጊዜ የለም» የሚለው ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም። ረጅም ወረፋ ከበር ውጭ የቆመበት ሐኪም ለእያንዳንዱ ታካሚ ግማሽ ሰዓት ትምህርት ይስጥ ብንል ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ትምህርቱን የግድ ቀዶ ሐኪሙ ራሱ መስጠት የለበትም። ነርሷም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም፣ በወረፋ መጠበቂያው ክፍል የተለጠፈ ሥዕልም ሊያስተምር ይችላል።

ከዚህም በላይ ሐኪሙ ያላስተማረው ታካሚ ያለ አስተማሪ አይቀርም፤ ጠያቂዎቹ ያስተምሩታል። በአገራችን የታመመ ሰው ቤት ባዶ አይውልም። አንዱ መጥቶ «ክንድህን አንቀሳቅሰው እንጂ ይደርቅብሃል» ይላል። ሌላው «እገሌ የሚባል ጎበዝ ወጌሻ አለ፤ አንድ ጊዜ ቢያሽህ ይለቅሃል» ይላል። ሦስተኛው በፍቅር ተሞልቶ ትከሻውን በትከሻው ገጭቶ ሰላም ይለዋል። ሁሉም ለበጎ ነው፤ ሁሉም ክሩን ሊበጥሱት ይችላሉ። ምክንያቱን የሚያውቅ ታካሚ ለሁሉም መልስ አለው። ትእዛዙን ብቻ የሚያውቅ ግን ለታላላቆቹ ምክር መሸነፉ አይቀርም።

ምን ይጠየቅ?

በእኛ እምነት ከትከሻ ቀዶ ሕክምና በፊት ማንኛውም ታካሚና አስታማሚው የሚከተሉትን ነጥቦች ጠይቀው ሊረዱ ይገባል።

1ኛ. የተጎዳው ምንድን ነው? የሚጠገነውስ እንዴት ነው? በሥዕል ይታይ።

2ኛ. ማንጠልጠያው እስከ መቼ ይታሰራል? ለምን? በዚያ ጊዜ ጣቶች፣ አንጓና ክርን እንዲንቀሳቀሱ የተፈቀደው እንዴት ነው?

3ኛ. ነርቭን የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጣል ወይ? ከተሰጠ ክንዱ እስከ አንድ ቀን ድረስ ሊደነዝዝ ስለሚችል፣ ድንዛዜው ከመልቀቁ በፊት የትኛው ማስታገሻ በስንት ሰዓት ይወሰድ?

4ኛ. እንዴት ይተኛል፣ እንዴት ይለብሳል፣ እንዴት ይታጠባል? በትራሶች ተደግፎ ከፊል ተቀምጦ መተኛትን፣ ሸሚዝ ሲለበስ የታመመውን ክንድ አስቀድሞ፣ ሲወልቅ ደግሞ መጨረሻ ላይ ማውጣትን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ሳምንት መለማመድ ይቻላል። በአንድ እጅ መኖር በሕመም ቀን የሚጀመር ትምህርት መሆን የለበትም።

5ኛ. ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስመልሱ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ የማይለቅ ድንዛዜ፣ ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር የሚናቁ አይደሉም።

በመጨረሻም ታካሚው የተረዳውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ይደረግ። «ገባህ?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም ሰው በአክብሮት «አዎን» ይላል። «እስኪ ለባለቤትህ እንዴት አድርገህ ትነግራታለህ?» ለሚለው ግን እውነተኛውን መልስ ይሰጣል።

ለተማሪዎች ያለን ቃል

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ጽሑፍ በዚህ መጽሔት ላይ ያወጣነው እናንተን አስበን ነው። ከመካከላችሁ ሐኪም የምትሆኑ አላችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ግን አትሆኑም። ሆኖም እናት፣ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ቀዶ ሕክምና በሚደረግለት ቀን ወረቀቱን እንድታነቡ፣ ሐኪሙ ያለውን እንድትተረጉሙ የምትጠሩት እናንተ «የተማራችሁት» ናችሁ። በዚያን ቀን የሌቨር ሕግ የፈተና ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። የሥነ ሕይወትና የፊዚክስ ተማሪዎች ተባብረው አንድ የትከሻ ሞዴል ከእንጨትና ከላስቲክ ቢሠሩ፣ ሌሎች ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን አጭር ማስረጃ ከሐኪሞች ጋር ሆነው ቢያዘጋጁ ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው። ውጤቱንም መከታተል ይገባል። ከላይ ያነሣናቸው ኮድማን፣ ሆስፒታል ያከመውን እያንዳንዱን ሰው ሕክምናው መሳካት አለመሳካቱ እስኪታወቅ ድረስ መከታተል አለበት እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከራክረዋል። የእኛም ሥራ እንዲሁ ይመዘን።

ወንድማችን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አደረገ። በዚህኛው ጊዜ ያን በእርሳስ የሣልነውን ሥዕል ከራስጌው በላይ በግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ሊጠይቀው የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ሰላም ብሎ ሥዕሉን ያስነብበው ነበር። ስድስቱን ሳምንት አንድም ቀን ሳይጎድል ጨረሰ። ዛሬ ክንዱን ከትከሻው ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሄድለትም፤ ሁለት ጊዜ የተበጠሰ ጅማት እንደ መጀመሪያው አይሆንምና። የአንድ ሰው ታሪክ ማረጋገጫ እንደማይሆን ሳይንስ ያስተምረናል፤ ስለሆነም እንደ ማረጋገጫ አላቀረብነውም። ያቀረብነው በወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በፊትም ሊሣል ይችል እንደነበር ስለምናውቅ ነው።